ስንቅና ማኅደሩ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚነበበው በነገሥታቱ ዜና መዋዕልና በጦር ሜዳው ውሎ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣ እንደ ነበር፥ ምግቡንም በምን ቋጥሮ ይሄድ እንደ ነበር መመርመር ለታሪክ ጸሐፊ የማይገባ ተራ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ ስንቅ ያለቀበት ሠራዊት ጥይቱ ሳያልቅ እንደሚፈታ ያስታውስ። ነጋዴም፥ ተማሪም፥ ገበሬም፥ ከእናቱ ቤት ማልዶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃንም የሚውለው በስንቁ ልክ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የቤተ ሰብ ስንቅ ከምድር ጋራ ተስማምቶ የኖረበትን ዘመን፥ ከምድር ጋራ የተጣላበትን ምክንያትና ዳግመኛ የሚታረቅበትን መንገድ ነው።

ስንቅ የሚለው ቃል ከግእዙ «ሠነቀ» ጋራ አንድ ዘር ነው፤ ለመንገድ የሚሆን ምግብ አዘጋጀ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ቃል ከእህል አልፈው ለምክርም፥ ለትምህርትም፥ ለነፍስም አውለውታል። ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚሰድ አባት የሚሰጠው ምክር ስንቅ ይባላል፤ ለወዲያኛው ዓለም የሚሠራ በጎ ሥራም ስንቅ ይባላል። ከዚህ የምንረዳው፥ በሕዝባችን ዘንድ ስንቅ ማለት ሆድ መሙያ ብቻ ሳይሆን፥ በቤት የቀረ ሰው ለሚሄደው ሰው ያለው አሳብ የተቋጠረበት ነገር መሆኑን ነው።

የቀድሞው ስንቅ ምን ምን ነበር? በደጋው አገር ዋናው በሶ ነው። ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ከተለየ በኋላ ይታመሳል፤ ቀጥሎም ይፈጫል። መንገደኛው ከምንጭ አጠገብ አረፍ ብሎ በውኃ በጥብጦ ይጠጣዋል፥ ወይም አሽቶ ይበላዋል እንጂ፥ እሳት ማንደድ፥ ድስት መጣድ አያስፈልገውም። በሶው በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ የደረቀ ቋንጣ፥ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ ማለት ድርቆሽ አለ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ደግሞ ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ፥ በእንሰቱ በራሱ ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

እነዚህ ምግቦች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ አላቸው። በዛሬው ዕውቀት ሲመረመር፥ ምግብን የሚያበላሹት ረቂቃን ሕዋሳት ያለ ውኃ ሊራቡ አይችሉም። የታመሰ እህል፥ የደረቀ ሥጋ፥ የደረቀ እንጀራ ውኃው ስለ ተወሰደ ይቆያል። ቅቤም ሲነጠር ውኃውና ዐይቡ ስለሚለይ ጥሬው ሳይቆይ እርሱ ይቆያል። ያልደረቀው እንጀራ እንኳ እርሾው ያመጣው መኰምጠጥ ለጥቂት ቀናት ይጠብቀዋል። እናቶቻችን ይህን ምሥጢር ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ነገር ግን ሥራውን አላሳቱትም። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ምግቡን ራሱን የማይበላሽ አድርገው ሠሩት።

ምግቡ እንዲህ ከሆነ ማኅደሩም እንደዚሁ ነበር። ማኅደር ስንል በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚገባበትን የቆዳ ከረጢት ማስታወሳችን አይቀርም፤ የስንቁም ማኅደር ከዚያው ጥበብ የወጣ ነው። ከሁሉ የታወቀው አገልግል ነው። አገልግል በሣር ተሰፍቶ ከውጭ በፍየል ቆዳ ይለበጣል፤ ክዳኑ ከአፉ ጋራ ገጥሞ በጠፍር ይታሰራል። በውስጡ እንጀራ ተነጥፎ ወጡ ይደረግበታል፥ ወይም ፍትፍቱ ይታመቅበታል፤ ቆዳው ሙቀቱን ይዞ፥ ሣሩ እንፋሎቱን እየሳበ፥ ምግቡ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሳይፈስ ይደርሳል። ለዱቄትና ለበሶ ስልቻና አቁማዳ ነበሩ፤ ለውኃ ቅልና ኮዳ ነበሩ፤ ለዳቦና ለቆጮ የእንሰት ቅጠል ነበረ።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል እለምናለሁ። ከተቈጠሩት ማኅደሮች ሁሉ ከእርሻና ከከብት ያልተገኘ አንድ ስንኳ የለም። ስልቻው ሲቀደድ ይጣፋል፤ አገልግሉ ሲላላ ጠፍሩ ይለወጣል፤ ቅሉ ሲሰነጠቅ ይሰፋል። ፈጽሞ ያረጀ እንደ ሆነ ደግሞ ከጓሮ ወድቆ አፈር ይሆናል። ቅጠሉንም ከብት ይበላዋል። የቆሻሻ መጣያ የሚባል ቦታ በየመንደሩ ያልነበረው ሰዎች ከዛሬው ሰው ይልቅ ንጹሓን ስለ ነበሩ አይደለም፤ የሚጣል ነገር ስላልነበራቸው ነው።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ፈተና የመጣው በዓድዋ ዘመቻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ. ም. መጀመሪያ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፥ አገሪቱ ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. ሰውንና ከብትን ከፈጀው ከክፉ ቀን ገና ማገገሟ ነበር። በሬው በበሽታ አልቆ፥ እርሻው ጠፍ ሆኖ ከቆየ በኋላ ጎተራው ገና ሳይሞላ ነው ሕዝቡ ስንቅህን ይዘህ ተከተለኝ የተባለው። በዚያ ዘመን ለዘማች ሁሉ የሚያበስል የመንግሥት ወጥ ቤት አልነበረም፤ ምንም እንኳ መኳንንቱና ባላገሩ በመንገድ ቢረዱ፥ ወታደሩ በአብዛኛው የሚኖረው ከቤቱ ይዞት በወጣው ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ ያለውን ተራራና ገደል ያለፈው ያ ሁሉ ሰው በሶውን በስልቻ፥ ቆሎውን በአቁማዳ አድርጎ፥ በአህያና በበቅሎ ጭኖ፥ ያም ባይኖረው በሚስቱና በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ነው።

በየካቲት ወር የሁለቱም ወገን ስንቅ እየሳሳ ሄዶ ነበር። የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ ኋላ ማፈግፈግን ወይም መግጠምን እንዲመርጥ ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱ፥ የሠራዊቱ ምግብ የጥቂት ቀን ብቻ መቅረቱ እንደ ነበር የጦርነቱን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ያነሡታል። የኢትዮጵያም ሠራዊት ከዚያ በላይ ብዙ ሊቆይ የሚችል አልነበረም። ይህም ሆኖ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. ድረስ ሳይበተን ቆየ። ስለዚህ የዓድዋን ድል ስናነሣ ጎራዴውንና ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን፥ ሳይበላሽ አምስት ወር ያህል የተጓዘውን በሶና የተሸከመውን ስልቻም ልናስታውስ ይገባናል።

ይልቁንም ልናስታውሳቸው የሚገቡ ሌሎች አሉ። ያን ገብስ በደንጊያ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ሌሊቱን ሲፈጩ ያደሩት ሴቶች ናቸው። ከነርሱም ብዙዎቹ ዘማቹን ተከትለው፥ ገንቦ አዝለው፥ ዱቄት ተሸክመው ሄደዋል። የዘማቹ የጀግንነት ስም በዜና መዋዕል ሲጻፍ፥ የነርሱ ስም ግን ከጥቂቶች በቀር አልተጻፈም። የቀድሞውን ስንቅ የምናመሰግን ሁሉ ያ ስንቅ በማን ጉልበት እንደ ተዘጋጀ መርሳት የለብንም፤ ወደዚህም ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ሰላማዊውም ሰው የራሱ የስንቅ ታሪክ አለው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ «የቆሎ ተማሪ» የተባለው ምግቡ ቆሎ ስለ ነበረ ነው። ከአባት ከእናቱ ርቆ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ በስፌት የተሠራ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ በየደጁ እየቆመ ይለምን ነበር። ባለቤቲቱ የሰጠችውን ቁራሽ በአኮፋዳው ይዞ ወደ ጎጆው ተመልሶ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይካፈለዋል። ድጓውና ቅኔው ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረው እንግዲህ በዚያች አኮፋዳ ውስጥ በነበረ ቁራሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመንም ስንቅ ማቀበል ራሱ አርበኝነት ሆነ። በዱር በገደል የነበሩት አርበኞች የሚኖሩት ባላገሩ በሌሊት በሚያቀብላቸው እህል ነበረ፤ ይህንንም አድርጎ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ሞት ወይም ግዞት ነበር። በከተማ ሆነው አርበኞችን ሲረዱ ከነበሩት ከውስጥ አርበኞች መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ወደ ኢጣልያ፥ ወደ አዚናራ ደሴት መጋዛቸው የታወቀ ነው። ለሌላ ሰው ምግብ መቋጠር እስከዚህ ድረስ ዋጋ የተከፈለበት ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማኅደሩ ነገር እንዴት ተለወጠ? ለውጡ ቀስ በቀስ ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከውጭ የሚገባው ዕቃ በዛ፤ ከዕቃውም ጋራ ቆርቆሮና የብረት ሳህን በየቤቱ ገባ። ከተማ ሲሰፋ፥ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ሲበዛ፥ ምሳውን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ሰው ተፈጠረ፤ ለእርሱም «ምሳ ዕቃ» የሚባለው ክዳን ያለው የብረት ዕቃ መጣለት። ይህ ዕቃ ምንም እንኳ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆን ጠባዩ ከአገልግሉ ጋራ ይስማማ ነበር፤ በየቀኑ ታጥቦ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቢጎብጥ ይቀናል፤ ታላቅ ወንድም ሲያድግ ለታናሹ ይተላለፋል። በልጅነቴ ወደ ትምህርት ቤት የያዝኩት ምሳ ዕቃ ከእኔ በፊት የሁለት ወንድሞቼ ነበረ። እናቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቋጠሮውን ስታጠብቅ የጨርቁ ጫፍ እንደ ጆሮ ቀጥ ይል ነበርና፥ ከብዙ ሕፃናት ምሳ መካከል የእኔን የማውቀው በዚያ ጆሮ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ግን የመጣው ከላቦራቶሪ ነው። እ. ኤ. አ. በ1933 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ሁለት ኬሚስቶች ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ሲመረምሩ ሳያስቡት ሰም የመሰለ ነጭ ነገር አገኙ፤ ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ይህ ነው። እ. ኤ. አ. በ1965 ዓ. ም. ደግሞ ሴሎፕላስት የተባለ የስዊድን ኩባንያ፥ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለው ሠራተኛው ላወጣው ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ ለሚሠራ ባለ ማንጠልጠያ ከረጢት የባለቤትነት መብት በአሜሪካ ተሰጠው። ቀላል ነው፤ ውኃ አያስገባም፤ ርካሽ ነው። በዚህም ምክንያት በጥቂት ዓመታት ዓለምን ሁሉ ወረሰ። በእኛም አገር ፌስታል የሚል ስም ይዞ ከገበያ እስከ ወጥ ቤት ገባ።

ለፍርድ እንዳንቸኩል የፕላስቲክን በጎነት አስቀድመን እንናገር። ጀሪካን ከመምጣቱ በፊት ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳ የነበረው በሸክላ እንስራ ነው፤ እንስራው ባዶውን ራሱ ሸክም ነው፥ ቢወድቅም ይሰበራል። ጀሪካን የብዙ ሴቶችን ጀርባ አሳርፏል። በገጠር ያለ እረኛም የከተማ ሰው ጠጥቶ የጣለውን የውኃ ጠርሙስ «ሃይላንድ» እያለ በአንድ የቀድሞ የታሸገ ውኃ ስም ይጠራዋል፤ ለምኖም ይወስደዋል፤ ለእርሱ ቆሻሻ ሳይሆን ኮዳው ነውና። እንግዲህ ጥፋቱ በዕቃው ባሕርይ ብቻ የተገኘ አይደለም። ለብዙ ዘመን የማይጠፋ ነገር ሠርቶ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተጠቅሞ መጣል ነው ጥፋቱ። ስልቻው ብዙ ዓመት አገልግሎ በጥቂት ጊዜ አፈር ይሆናል፤ ፌስታሉ ግን ለጥቂት ጊዜ አገልግሎ ብዙ ዓመት ይኖራል። አይበሰብስም፤ እየተሰባበረ ይደቅቃል እንጂ። ድቃቂውም በዓሣ ሆድ፥ ኋላም በሰው ደም ውስጥ ሳይቀር መገኘቱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

የሚጣለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የሚሻ ሰው የአዲስ አበባን ታሪክ ይመልከት። በከተማዋ ምዕራባዊ ደቡብ በረጲ አካባቢ «ቆሼ» የሚባለው የቆሻሻ መድፊያ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ጥራጊ ሲቀበል ኖረ። ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማዋ ስትሰፋ ግን ቤት ከበበው፤ ከጥራጊውም የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች በአጠገቡ ሰፈሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. ምሽት ያ ክምር ተናደና ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት ውስጥ ሕፃናትና እናቶች ብዙ ነበሩ። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ. ም. ደግሞ በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጣቢያው መልካም ነው፤ ነገር ግን ያን ክምር የሠራው ማንም ባዕድ አይደለም። እያንዳንዳችን ከወጥ ቤታችን የወጣው የድንች ልጣጭ፥ የተረፈው እንጀራ፥ የምሳው ፌስታል ተጠራቅሞ ነው ተራራ የሆነው። «እኔ የጣልኩት አንዲት ፌስታል ናት» የማይል ማን ነው? ተራራውም የተሠራው ከአንዳንድ ፌስታል ነው።

ሕግ አውጪዎች ይህን ዐይተው ዝም አላሉም። በዓለም ላይ አስቀድማ ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢትን የከለከለችው ባንግላዴሽ ናት፤ ጊዜውም እ. ኤ. አ. 2002 ሲሆን፥ ምክንያቱ ከረጢቱ የውኃ መውረጃውን ደፍኖ ጎርፉን ማባባሱ ነበር። ከአፍሪካ ሩዋንዳ እ. ኤ. አ. በ2008፥ ኬንያ እ. ኤ. አ. በ2017 ተከተሉ። በአገራችንም በ1999 ዓ. ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ማምረትና ማስገባትን አገደ፤ ቀጭኑ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ. ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አዋጅ ያስተማረን ነገር አለ፤ ይኸውም በየቤቱ በፌስታሉ ፈንታ የሚያዝ ማኅደር ካልተዘጋጀ በቀር ሕግ ብቻውን ልማድን ሊለውጥ እንደማይችል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሁሉም አገልግል ተሸክሞ ወደ መሥሪያ ቤት ይሂድ ማለታችን አይደለም፤ ሴቶችም ወደ ደንጊያ ወፍጮ ይመለሱ ማለታችን ፈጽሞ አይደለም። የምንወስደው የአባቶችን ዕቃ ሳይሆን የአባቶችን መላ ነው። መላውም ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፥ ማኅደሩ ታጥቦና ተጠግኖ ብዙ ጊዜ የሚያገለግል ይሁን፤ የብረት ምሳ ዕቃ፥ የጨርቅ መቋጠሪያ፥ በየቀኑ የሚሞላ የውኃ ኮዳ ለዚህ ይበቃሉ። በቤት ያለውንም የፕላስቲክ ዕቃ ዛሬውኑ አንጣለው፤ እስኪያልቅ እንጠቀምበት፤ ሲያልቅም ለቆራሌው እንስጠው። ሁለተኛው፥ ምግቡ ለመንገድ የሚሆን ይሁን፤ ደረቁን ከእርጥቡ ለይቶ መያዝ፥ ለሕፃናት መክሰስ በፕላስቲክ ከታሸገ ብስኩት ይልቅ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ የተቀቀለ እንቁላል፥ ብርቱካንና ሙዝ መስጠት ለኪስም ለጤናም ይስማማል። ሙዝና ብርቱካን ማኅደራቸውን ይዘው የተፈጠሩ ናቸው፤ ልጣጫቸውም ከጓሮ ቢቀበር ማዳበሪያ ይሆናል። ሦስተኛው፥ መጠኑ በልክ ይሁን፤ ሳይበላ ተመልሶ የሚደፋ እንጀራ ገበሬው የደከመበት፥ መሬቱም ያፈራው ስለ ሆነ፥ ከፌስታሉ ያላነሰ በደል ነው።

በእነዚህ ላይ አራተኛ ልጨምር። ስንቅ መቋጠር የእናት ሥራ ብቻ ሆኖ መኖሩ ይብቃ። አባት ማታውኑ ምሳ ዕቃውን አጥቦ ቢያስቀምጥ፥ ልጆች ቆሎውን ራሳቸው ቢቋጥሩ፥ ጠዋት ላይ «ቸኩዬ ነው» ተብሎ ፌስታል አይነሣም። ፌስታል በየቤቱ የገባው አንዱ ምክንያት የእናት ጊዜ ማጠሩ ነውና፥ ፌስታሉን የምናስወጣው የእናትን ሸክም ስንካፈል ነው።

ከአገር የወጡት ወገኖቻችንም ይህን መላ አልረሱትም። ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ ቢከፈት፥ ድርቆሽ፥ ሽሮ፥ በርበሬና ዳቦ ቆሎ አብዛኛውን ጊዜ አይታጣም። ለዓድዋ ዘማች የተሠራው ጥበብ ዛሬ በአውሮፕላን ይሄዳል። ምግቡ አልተለወጠም፤ የጎደለው ማኅደሩ ብቻ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ስለ እሳት የተነገረ ቢሆንም፥ ለዚህ ለያዝነው ነገር ደግሞ በቀጥታ ይሠራል፤ በቅጠልና በጨርቅ የሚቋጠረውን በጊዜው በቅጠልና በጨርቅ ብንቋጥር ኖሮ ዛሬ የሚቃጠል ተራራ ባልኖረን ነበር። እናቴ ትቋጥርበት የነበረው ያ ነጭ ጨርቅ ዛሬም አለ። ብዙ ታጥቦ ሳስቷል፤ ጫፉም ተተልትሏል። ልጄ ግን ጠዋት ጠዋት ምሳውን በእርሱ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ማታም ባዶውን አጣጥፎ ይመልሰዋል። ከዚያች ቤት ምሳ ሦስት ትውልድ በልቷል፤ ከዚያ ምሳ ግን ወደ ቆሼ የሄደ ነገር የለም።